የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ የሕይወት ታሪክ

ከሰፈራችን ከቤቴል ተነሥቶ ወደ መርካቶና ወደ ፒያሳ የሚወጣ ሰው የሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ የሚባለውን ስም ሳይሰማ አይመለስም። እኔም በልጅነቴ ከእናቴ ጋራ ወደ ቀድሞው አትክልት ተራ ሽንኩርትና ቲማቲም ልንገዛ ስንሔድ ይህን ስም ዘወትር እሰማ ነበር። ነገር ግን ሀብተ ጊዮርጊስ ማለት ድልድዩን የገነባ አንድ ግንበኛ ይመስለኝ ነበር እንጂ በአንድ ዘመን በኢትዮጵያ ዙፋን ላይ ማን እንዲቀመጥ፥ ማንስ እንዲወርድ ከወሰኑት ሰዎች አንዱ መሆናቸውን አላውቅም ነበር። ዘንድሮ የታሪክ መምህራችን ስለ እሳቸው በክፍል ውስጥ ባስተማሩን ጊዜ በራሴ ድንቁርና እጅግ አፈርሁ። ስለዚህ ለመጽሔታችን አንድ ነገር ጻፍ በተባልሁ ጊዜ የእሳቸውን ታሪክ መረጥሁ።

ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ የተወለዱት በ1840ዎቹ ዓ.ም. በጨቦ ምድር ነው። ከቤቴል ወደ አየር ጤና ወጥቶ የጅማን መንገድ የያዘ ሰው ዓለም ገናን፥ ሰበታንና ቱሉ ቦሎን አልፎ ወሊሶ ሲደርስ ከዚሁ አገር ገባ ማለት ነው። አገሩ ለምለም ነው፤ ኦሮሞና ጉራጌ ጎን ለጎን የሚኖሩበት፥ እንሰቱም ጤፉም የሚበቅልበት ነው። የሀብተ ጊዮርጊስ ወገኖች በዚያ ዘመን ከሸዋ ንጉሥ ግዛት ውጭ በራሳቸው ባላባቶች የሚተዳደሩ ሰዎች ነበሩ።

ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ አምልጠው ሸዋን ከያዙ በኋላ ጦራቸውን ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ማዝመት ጀመሩ። ከእነዚህ ዘመቻዎች በአንዱ ብላቴናው ተማረከ። የምርኮኛ ልጅ ዕድል በዚያ ዘመን ሁለት ዓይነት ነበር። አንደኛው ለባርነት ተሰጥቶ ስሙም ዘሩም ተረስቶ መቅረት ነው፤ የብዙዎቹ ዕድል ይኸው ነበር። ሁለተኛው ግን በንጉሡ ቤት ገብቶ፥ ክርስትና ተነሥቶ፥ ጋሻና ጠመንጃ ተሸካሚ ሆኖ ማደግ ነው። ብላቴናው ይህ ሁለተኛው ዕድል ደረሰው። እንደዚሁ ሁሉ በኋላ በዐድዋ ስሙ የገነነው ባልቻ ሳፎም በልጅነቱ ከተማረከ በኋላ በምኒልክ ቤት ያደገ ነው። እኔ ይህን ሳነብ ዘወትር የማስበው ሳይማረኩ በሜዳው ላይ የቀሩትን ልጆችና ልጃቸው የተወሰደባቸውን እናቶች ነው። የእነርሱን ታሪክ የጻፈ የለም።

በዚያው ጊዜ በሌላው ዓለም እንዴት እንደ ነበረ ማስተያየት ይጠቅማል። በእንግሊዝ አገር በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የጦር መኮንን ለመሆን የሚፈልግ የባለ ርስት ልጅ ማዕርጉን በገንዘብ ይገዛ ነበር፤ ይህም ልማድ የቀረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1871 ነው። አባቱ ባሮኔት የሆነ እንደ ሆነ ርስቱንም ማዕርጉንም የበኵር ልጁ ይወርሰዋል። በእኛ አገር ግን ዘርና ደም ትልቅ ነገር የነበረ ቢሆንም በጦር ሜዳ ጀግንነት ያሳየና ንጉሡን በታማኝነት ያገለገለ ሰው ከታች ተነሥቶ እስከ ላይ ሊወጣ ይችል ነበር። ያገኘውን ግን ለልጁ ማውረሱ እርግጥ አልነበረም፤ ንጉሥ የሰጠውን ንጉሥ ይነሣዋልና። ይህ ነገር በኋላ በፊታውራሪ ሀብት ላይ የሆነውን ስናነብ ይታወሰን።

ሀብተ ጊዮርጊስ በቤተ መንግሥት ሲያድጉ አስተዋይና ነገር የማይረሱ ሆኑ። የፊደል ትምህርት ብዙም አልነበራቸውም ይባላል፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ የሰሙትን ሙግት ከነምስክሩ በአእምሮአቸው ይይዙት ነበር ይላሉ። በፈረስ ስማቸው አባ መቻል ይባላሉ። ሕዝቡ ግን ከፈረስ ስማቸው ይልቅ አባ መላ የሚለውን ስም ወደደላቸው፤ መላ የሚያውቅ፥ የተቋጠረ ነገር የሚፈታ ማለት ነው። በአገራችን ጀግና የተባለ ሁሉ በጎራዴውና በጦሩ ሲወደስ እኚህ የጦር ሰው በምክራቸው መወደሳቸው የሚያስደንቅ ነው።

ከዐድዋ በፊት የምኒልክ ፊታውራሪ ገበየሁ ነበሩ። ፊታውራሪ ማለት በዘመቻ ጊዜ ከሁሉ ፊት የሚሔደውን ጦር የሚመራ አዛዥ ነው። ገበየሁ በኅዳር 1888 ዓ.ም. በአምባላጌ ጠላትን ድል ካደረጉት አንዱ ነበሩ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ግን በዐድዋ ጦርነት ወደቁ። ሀብተ ጊዮርጊስም በዐድዋ ዘምተዋል። ከድሉ በኋላ የሟቹ የገበየሁ ማዕርግና የፊተኛው ጦር አዛዥነት ለእሳቸው ተሰጠ። ፊታውራሪነት ከደጃዝማችነትና ከራስነት በታች መሆኑ የታወቀ ነው። ሀብተ ጊዮርጊስ ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው በዚሁ ማዕርግ ቆዩ፤ ይሁን እንጂ በኋለኛው ዘመናቸው ብዙ ራሶች ፊታቸውን እያዩ ይናገሩ ነበር። ስለዚህ በእሳቸው ዘመን ፊታውራሪ የተባለ እንደ ሆነ ማን እንደ ሆነ መጠየቅ አላስፈለገም።

በ1889 ዓ.ም. ምኒልክ ወደ ቦረና ላኳቸው። ቦረናዎች በገዳ ሥርዓት የሚተዳደሩ ከብት አርቢዎች ናቸው። በደረቅ አገራቸው ከድንጋይ ሥር እጅግ ጥልቅ የሆኑ የውኃ ጉድጓዶች ቆፍረው፥ ሰዎች ከታች እስከ ላይ በመሰላል ተደርድረው ውኃውን እየተቀባበሉ ከብቶቻቸውን ያጠጣሉ። ከጥቂት ዓመት በፊት በክፉ ቀን ጊዜ የከብት በሽታ አገሩን ሁሉ ስለ ጨረሰው ጉልበታቸው ደክሞ ነበር፤ ጠመንጃ ይዞ የመጣውን ጦር በጦርና በጋሻ መመለስ አልቻሉም። ፊታውራሪም አገሩን ያዙት፤ አገረ ገዥውም ሆኑ። ከደቡብ እንግሊዞች ይመጡ ስለ ነበር ምኒልክ ወሰኑን ቶሎ ለመያዝ የፈለጉበት ምክንያት ግልጽ ነው። በ1900 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋራ በተደረገው ውል የዛሬው የኢትዮጵያና የኬንያ ወሰን ተወሰነ፤ ቦረናዎችም ከሁለት ተከፍለው እኩሌቶቹ በወዲህ፥ እኩሌቶቹ በወዲያ ቀሩ።

በዚህ ላይ ሐሳቤን ሳልሰውር ብናገር ደስ ይለኛል። በክፍላችን ክርክር በተደረገ ጊዜ አንዳንድ ጓደኞቼ ሀብተ ጊዮርጊስ አገር አንድ ያደረጉ አርበኛ ናቸው አሉ። ሌሎቹ ደግሞ ራሳቸው ተማርከው ሳለ ሌላውን ሕዝብ ያስገበሩ ናቸው ብለው ተከራከሩ። እኔ ሁለቱም ወገን እውነት የያዘ ይመስለኛል። በልጅነታቸው በጨቦ የደረሰባቸው ነገር በጎልማሳነታቸው በቦረና ሰው ላይ በእጃቸው ደረሰ። ያ ነገር ሌሊት ሌሊት ትዝ ይላቸው እንደ ሆነ ለማወቅ ብዙ ዋጋ በከፈልሁ ነበር።

በዚያ ዘመን ወታደር የወር ደመወዝ አልነበረውም። ንጉሡ ለአዛዡ አገር ይሰጠዋል፤ አዛዡም ለወታደሮቹ እንደየማዕርጋቸው ገባር ያድላቸዋል። ገባሩ እህልና ማር ይሰጣል፤ ጌታውን ያርስለታል፥ ያጥርለታል፥ እንጨት ይለቅምለታል፤ ሚስቱም ትፈጭለታለች። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ከዚህ ሥርዓት ብዙ ካገኙት መኳንንት አንዱ ነበሩ፤ በሸዋም በደቡብም ሰፊ መሬት ያዙ፥ በሺህ የሚቈጠር ጦርም አበሉበት። በአዲስ አበባም እንደ ሌሎቹ መኳንንት ከነወታደሮቻቸው የሰፈሩበት ሰፊ ቦታ ነበራቸው። አዲስ አበባ እኮ በመጀመሪያ የጦር ሰፈር ናት፤ ራስ መኰንን፥ ደጃች ውቤ፥ ራስ ብሩ እየተባሉ የሚጠሩት ሰፈሮች ሁሉ የመኳንንቱ ድንኳንና ግቢ የነበሩባቸው ናቸው። የሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው።

የእኔ አያት ወሊሶ አጠገብ የተወለዱ ናቸው። አባታቸው የሰው መሬት ያርሱ ነበርና በመከር ጊዜ ምርቱ በአውድማ ላይ ሲከፈል ልጆቹ የሚተርፈውን ዳውላ በዓይናቸው ይቈጥሩ እንደ ነበር ይነግሩናል። ባለመሬቱ ማን እንደ ነበር አልነገሩንም፤ እኛም አልጠየቅንም።

ዐፄ ምኒልክ በጥቅምት 1900 ዓ.ም. በአውሮፓ ልማድ ሚኒስትሮችን በሾሙ ጊዜ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ የመጀመሪያው የጦር ሚኒስትር ሆኑ። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ሹመት በአገራችን አልነበረም። አፈ ንጉሥ ነሲቡ የፍርድ፥ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የጽሕፈት፥ በጅሮንድ ሙሉጌታ የገንዘብ፥ ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ የንግድና የውጭ ጉዳይ ሥራ ያዙ። ከእነዚህ ሰዎች ውስጥ እንደ ሀብተ ጊዮርጊስ በአንድ ወንበር ላይ 19 ዓመት ሳይነቃነቅ የኖረ የለም።

ምኒልክ ወዲያው በጽኑ ታመሙ። በግንቦት 1901 ዓ.ም. የልጅ ልጃቸው ልጅ ኢያሱ አልጋ ወራሽ መሆናቸው ታወጀ፤ መኳንንቱም ሁሉ በአቡነ ማቴዎስ ፊት በግዝት ማሉ። ከማሉት አንዱ ሀብተ ጊዮርጊስ ነበሩ። ንጉሡ አልጋ ላይ ሳሉ እቴጌ ጣይቱ መንግሥቱን በእጃቸው ለማድረግ ሹም ሽር አበዙ። በመጋቢት 1902 ዓ.ም. ግን የሸዋ መኳንንት ከጦሩ ጋራ ተባብረው እቴጌን ከሥልጣን አገለሏቸው፤ በዚህም የፊታውራሪ እጅ ነበረበት። እንደራሴው ራስ ተሰማ ናደው በ1903 ዓ.ም. ሞቱ፤ ምኒልክም ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ።

እንግዲህ የዚህ ሕይወት ትልቁ ፈተና የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። ልጅ ኢያሱ ወጣት ነበሩ፤ በአዲስ አበባ መቀመጥ አይወዱም፥ በሐረርጌና በአፋር ይዘዋወራሉ። የአያታቸውን አሮጌ ሹማምንት ይንቃሉ ይባል ነበር። የእስላሙን ሕዝብ ማቅረባቸው እምነታቸውን ለውጠዋል የሚል ክስ አመጣባቸው፤ ይህ ክስ እውነት መሆን አለመሆኑን የታሪክ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። በዚያን ጊዜ ደግሞ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ነበርና የእንግሊዝ፥ የፈረንሳይና የኢጣሊያ መልእክተኞች ልጅ ኢያሱ ወደ ቱርክና ወደ ጀርመን ያዘነብላሉ ብለው ፈርተው መኳንንቱን ያነሣሡ ነበር።

መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በመስቀል ዕለት ኢያሱ በሐረር ሳሉ መኳንንቱ በቤተ መንግሥት ተሰበሰቡ። አቡነ ማቴዎስ ቀድሞ ያሰሩትን ግዝት ፈቱ፤ ኢያሱም ተሻሩ። የምኒልክ ልጅ ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት፥ ተፈሪ መኰንን ራስና አልጋ ወራሽ ተባሉ። ሀብተ ጊዮርጊስ ከነገሩ መሪዎች ዋነኛው ነበሩ። ለጌታቸው ለምኒልክ የማሉትን መሐላ እንዴት ረሱት ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። እኔ እንደሚመስለኝ አልረሱትም። ከሁለት ነገር አንዱን መምረጥ ነበረባቸው፤ ጌታቸው የመረጡትን ልጅ ወይም ጌታቸው የሠሩትን መንግሥት። መንግሥቱን መረጡ። ትክክል መረጡ ብዬ ግን በድፍረት አልፈርድም።

የኢያሱ አባት ንጉሥ ሚካኤል ልጃቸው መሻሩን በሰሙ ጊዜ የወሎን ጦር አስከትተው ወደ ሸዋ ገሠገሡ። ንጉሥ ሚካኤል ማን ናቸው? የምኒልክ ልጅ የወይዘሮ ሸዋረጋ ባል፥ በዐድዋም የወሎን ፈረሰኛ ይዘው ከኢጣሊያ ጋራ የተዋጉ ናቸው። ስለዚህ ከ20 ዓመት በፊት በአንድ ሰንደቅ ዓላማ ሥር የቆሙት ሁለቱ ሽማግሌዎች አሁን ፊት ለፊት ተሰለፉ። በመጀመሪያ ራስ ልዑልሰገድ በቶራ መስክ ላይ የሚካኤልን ጦር ገጥመው ከብዙ ሰዎቻቸው ጋራ ወደቁ። ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ ተከፈተ፤ የሸዋ ጦር ግን ገና አልተሰበሰበም ነበር።

በዚህ ጊዜ አባ መላ መላቸውን አመጡ። እንደሚነገረው ለንጉሥ ሚካኤል ደብዳቤ እየላኩ፥ ልባቸው ከእሳቸው ጋራ እንደ ሆነ እያስመሰሉ ቀን አራዘሙ። ሚካኤልም ድል ካደረጉ በኋላ ወዲያው መገሥገሥ ሲገባቸው ቆዩ። በእነዚያ ጥቂት ቀኖች ውስጥ ከየአውራጃው ጦር ጎረፈ። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በሰገሌ ሜዳ ውጊያው ሆነ። የጦሩ አዛዥ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ነበሩ። ቀኑን ሙሉ ወንድም ከወንድሙ ሲተራረድ ዋለ፤ ከዐድዋ ወዲህ በአገራችን እንደዚያ ያለ ብርቱ ጦርነት አልሆነም ነበር። በመጨረሻም የወሎ ጦር ተሰበረና ንጉሥ ሚካኤል ተማረኩ። በጃንሜዳ ሠራዊቱ በድል ሰልፍ ሲያልፍ ሽማግሌው ንጉሥ በሰንሰለት ታስረው፥ የምርኮኛ ድንጋይ በትከሻቸው ተሸክመው በንግሥት ዘውዲቱ ፊት አለፉ ይባላል። ፊታውራሪ በዚያች ሰዓት ምን ተሰማቸው? በምርኮ ሕይወታቸውን የጀመሩ ሰው ነበሩና ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ምርኮኛነት ምን እንደ ሆነ ከእሳቸው የበለጠ የሚያውቅ ብዙ አልነበረም።

ከሰገሌ በኋላ መንግሥቱ እንደ ጉልቻ በሦስት ሰዎች ላይ ቆመ፤ በዘውዲቱ፥ በተፈሪና በሀብተ ጊዮርጊስ። በ1910 ዓ.ም. መሐል ሰፋሪ የሚባሉት የቤተ መንግሥት ወታደሮች በሚኒስትሮቹ ላይ ተነሥተው ሁሉም እንዲሻሩ አስገደዱ። ከሁሉ ሳይነካ የቀረው የጦር ሚኒስትሩ ብቻ ነው። ወጣቱ አልጋ ወራሽ አዲስ ነገር ለማምጣት ሲቸኩሉ ሽማግሌው ልጓሙን ይይዙ ነበር። ከንግሥቲቱና ከአቡነ ማቴዎስ ጋራ ሆነው የቀድሞውን ሥርዓት ጠበቁ፤ ነገር ግን ተፈሪን ለመጣል አልተነሡም። ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ብዙ መኳንንት አስከትለው አውሮፓን ሊጐበኙ ሲሔዱ ፊታውራሪ አገር ጠብቀው ቀሩ። አልጋ ወራሹም ተመልሰው ሥልጣናቸውን እንደ ነበረ አገኙት። ይህን ማድረግ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ጌታው ሲርቅ ቤቱን የማይዘርፍ ባለ ጦር በዚያ ዘመን ብርቅ ነበር።

ስለ ፍርዳቸው የሚነገረው ተረት ተቈጥሮ አያልቅም። ባለጉዳይ በደጃቸው ይጐርፍ ነበር፤ በተንኰል የመጣውን በተንኰሉ ይይዙታል፥ የድኃውን ነገር በትዕግሥት ይሰማሉ ይባላል። በየቤቱ ስለ እሳቸው የሚወራውን ሁሉ ብጽፍ መጽሔቱ አይበቃኝም፤ ደግሞም አባቴ የነገረኝን አንዱን ፍርድ አንድ ጓደኛዬ የሌላ ዳኛ ነው ብሎ ስለ ተከራከረኝ ነገሩን ትቼዋለሁ። ብልህ ሰው በአገር ውስጥ የተገኘ እንደ ሆነ የሌላውም ብልሃት ለእሱ ይሰጠዋል መሰለኝ።

በኅዳር መጨረሻ 1919 ዓ.ም. አቡነ ማቴዎስ ዐረፉ፤ ጥቂት ቀን ቆይቶ በታኅሣሥ መጀመሪያ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ተከተሉ። ዕድሜአቸው 75 ያህል ነበር። የቀድሞው ሥርዓት ሁለቱ ምሰሶዎች በአንድ ሳምንት አካባቢ ወደቁ። አልጋ ወራሽ ተፈሪም ጊዜ አላጠፉም፤ የፊታውራሪን ጦርና ግዛት በእጃቸው አደረጉ። የጦር ሚኒስትርነቱ በ1900 ዓ.ም. የገንዘብ ሚኒስትር ለነበሩት ለሙሉጌታ ተሰጠ፤ እሳቸውም በራስነት ማዕርግ በ1928 ዓ.ም. ከኢጣሊያ ጋራ ሲዋጉ ሞቱ።

በ1920 ዓ.ም. ደጃዝማች ባልቻ፥ ያ ሌላው የምኒልክ ቤት ምርኮኛ ልጅ፥ ከሲዳሞ በብዙ ሺህ ጦር ታጅበው ወደ አዲስ አበባ መጡ። ሀብተ ጊዮርጊስ በሕይወት ቢኖሩ ኖሮ ሽማግሌ ሆነው መካከል ይገቡ ነበር። አሁን ግን መካከል የሚገባ አልነበረም። የባልቻ ጦር በመደለያ ተበተነ፤ ባልቻም ያለ ሠራዊት ቀርተው እጃቸውን ሰጡ። በመስከረም 1921 ዓ.ም. ተፈሪ ንጉሥ ተባሉ፤ ዘውዲቱም በ1922 ዓ.ም. ሲያርፉ በተከታዩ ዓመት በጥቅምት ወር ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ነገሡ። ፊታውራሪና መሰሎቻቸው ይዘውት የነበረው ዓይነት ሰፊ መሬት ግን ከመኳንንት ወደ መኳንንት እየተላለፈ እስከ የካቲት 1967 ዓ.ም. ቆየ። በዚያ ወር የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ነው ተብሎ ሲታወጅ አያቴ የ30 ዓመት ጎልማሳ ነበሩ፤ ዜናውን የሰሙትም በወሊሶ ገበያ በአንድ ሻይ ቤት ሬድዮ ነው።